የጂፒኤስ ጉዞ መዝጋቢዬ ቦታ ይስታል፤ የተሻለ ሞጁል ልግዛ?

ጥያቄ፦ ለብስክሌት ጉዞ የሚሆን መዝጋቢ ሠርቻለሁ። የተጠቀምኩት አርዱይኖ ኡኖ የተባለ በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ፣ ኒዮ-6ኤም የጂፒኤስ ሞጁል፣ የኤስዲ ካርድ ማንበቢያ፣ ትንሽ ኦሌድ ስክሪንና ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። ቤት ውስጥ ስሞክረው ቦታውን ለማግኘት በጣም ይቆያል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አያገኝም። ሲያገኝም ካርታ ላይ ነጥቡ ካለሁበት ከ20 ኪሎሜትር በላይ ርቆ ያርፋል። ከመዝገቡ ብዙ ሰከንዶች ይጎድላሉ። ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ የተጓዝኩት ርቀት ዝም ብሎ ይጨምራል። ባትሪውም በጥቂት ሰዓት ያልቃል። የተሻለና ውድ ሞጁል ብገዛ ይስተካከላል?

ምላሽ፦ ለጊዜው አዲስ ሞጁል አይግዙ። ከጠቀሷቸው አምስት ችግሮች ውስጥ የተሻለ ሞጁል በከፊል ሊያቃልለው የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ በሽቦው፣ በኮዱ፣ በስሌቱና በኃይል አቅርቦቱ ላይ የሚፈጠሩ ስለሆኑ ምንም ያህል ውድ ሞጁል ቢገጥሙ አብረውዎት ይቀጥላሉ። የጂፒኤስ ፕሮጀክት ጀማሪን የሚያደናግረው ከሰማይ የሚመጣው፣ በሽቦ የሚያልፈውና በኮድ የሚሰላው ሁሉ በመጨረሻ ስክሪን ላይ አንድ ቁጥር ሆኖ ስለሚወጣ ነው፤ ያ ቁጥር ሲሳሳት ከሦስቱ የትኛው እንዳሳሳተው ቁጥሩን በማየት ብቻ ማወቅ አይቻልም። ያለው መንገድ ሦስቱን ነጣጥሎ፣ አንዱን ሳያረጋግጡ ወደ ቀጣዩ ሳይሻገሩ መመርመር ነው።

ስለዚህ ስክሪኑንም የኤስዲ ካርድ ማንበቢያውንም ነቅለው ሞጁሉን ብቻ ያስቀሩ። ከሞጁሉ የሚመጣውን እያንዳንዱን ፊደል ሳይነካ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲሪያል ሞኒተር የሚያሳልፍ፣ አሥር መስመር የማይሞላ ኮድ ይጫኑና የሚወርደውን ጽሑፍ በትዕግሥት ያንብቡት። ሞጁሉ በፋብሪካ ቅንብሩ በሰከንድ 9,600 ቢት ፍጥነት፣ ኤንኤምኢኤ 0183 በተባለው መስፈርት የተዘጋጁ መስመሮችን በየሰከንዱ ይልካል። እያንዳንዱ መስመር በዶላር ምልክት ይጀምራል፤ የመስመሩን ዓይነት የሚናገሩ አምስት ፊደላት ይቀጥላሉ፤ ከዚያ በኮማ የተለያዩ መረጃዎች ይመጣሉ፤ በመጨረሻም ከኮከብ ምልክት በኋላ ቼክሰም የሚባል ባለ ሁለት አኃዝ ማረጋገጫ ይቀመጣል።

ለእርስዎ ሥራ ዋናው ጂፒአርኤምሲ ብሎ የሚጀምረው መስመር ነው። ከዚህ ስም ቀጥሎ ለምሳሌ 101530.00 የሚል ቁጥር ካዩ ዩቲሲ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት 10፡15፡30 ማለት ነው። ከእሱ ቀጥላ የምትመጣው አንዲት ፊደል በመስመሩ ውስጥ ካለው ሁሉ የምትበልጥ ናት፤ ኤ ከሆነች ሞጁሉ ቦታውን አስልቷል፣ ቪ ከሆነች አላሰላም። ቪ እያለች የሚወጣን ማንኛውንም ቁጥር ኮድዎ ሊቀበለው አይገባም። ከዚያ ኬክሮስ፣ ሰሜን ወይም ደቡብ መሆኑን የምትገልጽ ፊደል፣ ኬንትሮስ፣ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ መሆኑን የምትገልጽ ፊደል፣ በኖት የተለካ ፍጥነት፣ የጉዞ አቅጣጫና ቀን ይከተላሉ። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎሜትር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ፍጥነቱን እንዳለ ወስዶ በኪሎሜትር ነው ብሎ ማሳየት በተደጋጋሚ የሚታይ ስህተት ነው።

ይህ ጥሬ ጽሑፍ ብዙ ይናገራል። ምንም ካልወረደ የሞጁሉ መላኪያ ፒን ከአርዱይኖው መቀበያ ፒን ጋር መገናኘቱን፣ የሁለቱም ግራውንድ አንድ መሆኑን ይመልከቱ። የማይነበብ ምልክት ብቻ የሚወርድ ከሆነ የሁለቱ ወገን ፍጥነት አልተጣጣመም። መስመሮቹ በሥርዓት እየወረዱ በኮማዎቹ መካከል ግን ባዶ ከሆነ ሞጁሉም ሽቦውም ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ሰማይ ነው። ቤት ውስጥ ሲሞክሩ የሚያዩት ይህ ሦስተኛው እንደሚሆን እገምታለሁ።

ስለ ሽቦው አንድ ነገር ልጨምር። ኡኖ በ5 ቮልት ሲሠራ የሞጁሉ ቺፕ ግን በ3.3 ቮልት አካባቢ ነው የሚሠራው። ሞጁሉ የሚልከውን 3.3 ቮልት ኡኖ እንደ ከፍተኛ ምልክት ለመረዳት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ዋጋ 3.0 ቮልት ስለሆነ በዚህ አቅጣጫ ቀጥታ ማገናኘት ይሠራል። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ማለትም ከኡኖ ወደ ሞጁሉ ትእዛዝ በሚላክበት መስመር ላይ፣ 5 ቮልት በቀጥታ መልቀቅ ቺፑን ሊጎዳ ይችላል። ከኡኖው ፒን ወደ ሞጁሉ 1 ኪሎኦም፣ ከሞጁሉ ፒን ወደ ግራውንድ 2 ኪሎኦም ሬዚስተር ቢያስገቡ ቮልቴጁ ወደ 3.3 ይወርዳል። ትእዛዝ የማይልኩ ከሆነ ደግሞ ይህን ሽቦ ጨርሶ አያገናኙት።

አሁን ወደ ሰማዩ እንሂድ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በ20,200 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ፤ በ1575.42 ሜጋኸርዝ የሚልኩት ምልክት እኛ ዘንድ ሲደርስ ተቀባዩ ውስጥ ሙቀት ከሚፈጥረው ጫጫታ እንኳ ያነሰ ነው። ሞጁሉ ሊይዘው የሚችለው የእያንዳንዱን ሳተላይት መለያ ኮድ አስቀድሞ ስለሚያውቅና በየሚሊሰከንዱ የሚደጋገመውን ይህን ኮድ ከጫጫታው ውስጥ እያመሳሰለ ስለሚፈልግ ነው። ምልክቱን መያዝ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ቦታ ለማስላት ቢያንስ የአራት ሳተላይቶች ትክክለኛ ምህዋር መታወቅ አለበት፤ ይህን የሚገልጸው ኤፌመሪስ የተባለ መረጃ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ በሚጓዝ መልእክት ውስጥ ተጭኖ ይመጣል። ለመቀበል 18 ሰከንድ ይፈጃል፤ የሚደገመው በየ30 ሰከንዱ ነው። ስለዚህ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ ሞጁሉ ከባዶ ተነሥቶ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ቦታውን ያገኛል። ቤት ውስጥ ግን ምልክቱ ብልጭ እያለ ስለሚጠፋ ከመልእክቱ አንድ ቁራጭ ባመለጠ ቁጥር ያንኑ ቁራጭ ለማግኘት ሌላ 30 ሰከንድ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ሞጁሉ ቀርፋፋ ሆኖ ሳይሆን መልእክቱን ሙሉ አድርጎ መስማት አቅቶት ነው የሚቆየው።

አንድ ጊዜ የተያዘን ምልክት መከተል አዲስ ከመያዝ እጅግ ይቀላል። የዚህን ሞጁል የፋብሪካ መግለጫ ብንወስድ መከተል የሚችለው ምልክት ከባዶ ሲነሣ መያዝ ከሚችለው ከ20 ጊዜ በላይ የደከመ ነው። በተግባር ይህ ማለት መሣሪያውን ደጅ አውጥተው ካስጀመሩትና ቦታውን ካገኘ በኋላ ወደ መስኮት አጠገብ ቢያስገቡት መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ አስጀምሮ መጠበቅ ግን ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል። ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ወይም ካፓሲተር ሥራዋም እዚህ ላይ ነው፦ ኃይል ሲቋረጥ የሞጁሉን ሰዓትና የተቀበለውን ኤፌመሪስ ትጠብቃለች፤ መረጃው ሳያረጅ፣ ማለትም በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ መልሰው ሲያበሩት በጥቂት ሰከንድ ይነሣል። መጋዘን ቆይቶ የመጣ ሞጁል ይህች ባትሪው ባዶ ሆና ስለሚመጣ በመጀመሪያ ቀን አፈጻጸሙ ብቻ ሊፈረድበት አይገባም።

አንቴናውን በሚመለከት፣ ከሞጁሉ ጋር የሚመጣው አራት ማዕዘን የሴራሚክ አንቴና ፊቱ ወደ ሰማይ ሊሆን ይገባል፤ በጎኑ ተጋድሞ ወይም ከስክሪኑ ሥር ተደብቆ ጥሩ ውጤት አይሰጥም። ከጀርባው ከራሱ የሚሰፋ የመዳብ ወይም ሌላ ብረት ሰሌዳ ቢኖርና ከግራውንድ ጋር ቢገናኝ ይሻሻላል። የኤስዲ ካርዱ ሽቦዎችና ቮልቴጅ የሚቀይሩ ትንንሽ ቦርዶች ጫጫታ ስለሚያመነጩ ከአንቴናው ያርቋቸው። ይህን በዓይን የሚያዩበት መንገድ አለ። ጂፒጂኤስቪ የሚለው መስመር ለእያንዳንዱ ሳተላይት አራት ቁጥሮችን ይዘረዝራል፤ እነሱም መለያው፣ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ፣ አቅጣጫውና የምልክቱ ጥንካሬ ናቸው። አራተኛው ቁጥር ክፍት ሰማይ ሥር ለከፍተኞቹ ሳተላይቶች 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹ ከ30 በታች ከሆኑ አንቴናው አልሰማም። ደጅ ወጥተው ሞጁሉን ብቻ አብርተው ቁጥሮቹን ይጻፉ፤ ከዚያ ስክሪኑን፣ ቀጥሎም ካርዱን እያገናኙ ይመልከቱ። አንዱን ሲያገናኙ ሁሉም ቁጥሮች አብረው ከወረዱ ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ አገኙት ማለት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ፈተና አላውቅም፤ ምንም ተጨማሪ መለኪያ መሣሪያ ሳያስፈልግ የማይታየውን ያሳያል።

ነጥቡ ከ20 ኪሎሜትር በላይ ርቆ ማረፉ ከሰማዩ ጋር ግንኙነት የለውም። ጂፒኤስ በዚህ መጠን በየጊዜው አይሳሳትም፤ ይህ የአነባበብ ስህተት ነው። ሞጁሉ 4530.50000 ብሎ ኬክሮስ ሲልክ 45 ዲግሪ ከ30.5 ደቂቃ ማለቱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዲግሪ ናቸው፣ የቀሩት ደቂቃ ናቸው። በኬንትሮስ ላይ ዲግሪው ሦስት አኃዝ ይወስዳል። ደቂቃው ከ60 የሚቆጠር ስለሆነ ትክክለኛው የአስርዮሽ ዋጋ 30.5 ለ60 ተካፍሎ 45 ላይ ሲደመር የሚገኘው 45.50833 ነው። ቁጥሩን እንዳለ ለ100 አካፍሎ 45.305 ብሎ ካርታ ላይ ያስቀመጠ ሰው 22.6 ኪሎሜትር ያህል ይስታል። ስህተቱ ቋሚ አይደለም፤ ደቂቃው ዜሮ ሲሆን ይጠፋል፣ ወደ 60 ሲጠጋ በሰሜን-ደቡብ አቅጣጫ እስከ 44 ኪሎሜትር ይደርሳል። መዝገብዎን ከፍተው ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ሁለት አኃዞች ይመልከቱ። በመዝገቡ ሁሉ ከ59 የሚበልጥ ከሌለ ምርመራው አልቋል፤ የእርስዎ ኮድ ደቂቃን እንደ መቶኛ እያነበበ ነው።

ከዚህ የሚሰወር፣ ከእሱ ይልቅ አሳሳች የሆነ ሌላ የስሌት ችግር አለ። ኡኖ ላይ ያለው ኤቲሜጋ328ፒ ፍሎት የሚባለውን የአስርዮሽ ቁጥር በ4 ባይት ያስቀምጣል፤ ዳብል ብለው ቢጽፉም በዚህ ቺፕ ላይ ያው 4 ባይት ነው። በዚህ ስፋት የሚገኘው ሰባት አኃዝ ገደማ ትክክለኛነት ብቻ ነው። ኬንትሮሱ ከ64 እስከ 128 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ ፍሎት ሊለያቸው የሚችላቸው ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች በምድር ወገብ ላይ 0.85 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ከ128 ሲያልፍ ርቀቱ 1.7 ሜትር ይሆናል። ለካርታ ይህ ላይታይ ይችላል። በየሰከንዱ ሁለት በጣም የተቀራረቡ ነጥቦችን አቀናንሶ ርቀት ለሚደምር መዝጋቢ ግን ስህተቱ ከሚለካው ነገር ጋር እኩል ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ዲግሪውን በ10 ሚሊዮን አባዝቶ በ4 ባይት ሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። 180 ዲግሪ እንኳ 1,800,000,000 ስለሚሆን ይበቃዋል፤ የአንዱ አሃድ ስፋትም 1.1 ሳንቲሜትር ነው። ከላይ ያለውን ምሳሌ ብንወስድ ከደቂቃው ነጥቡን አውጥተው 3050000 ብለው ያነብቡታል፣ በ5 አባዝተው ለ3 ያካፍሉታል፣ 5,083,333 ያገኛሉ፤ 450,000,000 ሲደምሩበት 455,083,333 ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ፍሎት አልገባም። ርቀት ሲያሰሉ መጀመሪያ ሁለቱን ሙሉ ቁጥሮች ይቀንሱ፣ ልዩነቱን ብቻ ወደ ፍሎት ይለውጡ፣ የኬንትሮሱን ልዩነት በኬክሮሱ ኮሳይን ያባዙ፣ ከዚያ በፓይታጎራስ ቀመር ይደምሩ። ለጥቂት ሜትሮች ርቀት ምድር ክብ መሆኗን ያገናዘበው ረጅም ቀመር አያስፈልግም፤ እንዲያውም በፍሎት ሲሰላ ከአጭሩ የባሰ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

የሚጎድሉት ሰከንዶች የሚጠፉት በሽቦውና በኮዱ መገናኛ ላይ ነው። ሶፍትዌር ሲሪያል የተባለው ላይብረሪ የመጡትን ፊደላት ኮድዎ እስኪያነባቸው የሚያቆይበት ማቆያ 64 ባይት ብቻ ነው። በ9,600 ፍጥነት በሰከንድ 960 ያህል ፊደል ስለሚመጣ ማቆያው በ67 ሚሊሰከንድ ይሞላል። ከቧንቧ ሥር እንደተደቀነች ትንሽ ጣሳ ነው፤ ቶሎ ካልተቀዳለት የሚቀጥለው ሁሉ ይፈሳል። ኮድዎ ውስጥ የትም ቦታ ላይ ሥራውን ለአንድ ሰከንድ የሚያስቆም ዲሌይ 1000 የሚል ትእዛዝ ካለ ከዚያ ሰከንድ የሚተርፈው የመጀመሪያው 64 ፊደል ብቻ ነው። ኤስዲ ካርድም አንድን ጽሑፍ ለመቀበል አልፎ አልፎ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ መልሶ መሳልም በአሥሮች የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶችን ይወስዳል። ለዚህ ነው ሞጁሉ ብቻውን ሲሞከር ጤነኛ ሆኖ ሁሉም ሲገጣጠም የሚታመመው።

እኔ የምመርጠው አሠራር ዲሌይን ከኮዱ ጨርሶ ማውጣት፣ በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ የመጣውን ፊደል ሁሉ ማንበብ፣ ካርዱንና ስክሪኑን ደግሞ የሰከንዱ የመጨረሻ መስመር ከደረሰ በኋላ ባለው ጸጥታ ብቻ መንካት ነው። ጸጥታው እንዲረዝም የማያስፈልጉትን መስመሮች ሞጁሉ እንዳይልክ ማዘዝ ይቻላል። በፋብሪካው ቅንብር የሚወጣው ጽሑፍ የሰከንዱን እኩሌታ ያህል ይይዛል፤ አርኤምሲንና የሳተላይቱን ብዛት የሚሰጠውን ጂጂኤን ብቻ ቢያስቀሩ ወደ 150 ፊደል ይወርዳል። ትእዛዙን ኃይል በበራ ቁጥር ኮዱ ራሱ ይላከው፤ ቅንብሩ በቋሚነት ተቀምጧል ብሎ መተማመን አያዋጣም። በሰከንድ አምስት ጊዜ እንዲልክ ለማድረግ ከፈለጉም በመጀመሪያ መስመሮቹን ይቀንሱ፣ የሲሪያሉንም ፍጥነት ይጨምሩ፤ አለበለዚያ ሽቦው ከሚችለው በላይ ይጫንበታል። በኡኖ ላይ ከሶፍትዌር ሲሪያል ይልቅ ኦልት ሶፍት ሲሪያል የተባለው ላይብረሪ በ8 እና 9 ቁጥር ፒኖች ላይ የተሻለ ይሠራል፤ ቦርድ የመቀየር ዕድል ካለዎት ግን ሁለትና ከዚያ በላይ የሃርድዌር ሲሪያል ፖርት ያለው ቦርድ፣ ለምሳሌ ኢኤስፒ32 ወይም አርዱይኖ ሜጋ፣ ይህን ራስ ምታት ከሥሩ ያቀልለዋል። ታይኒጂፒኤስ ፕላስ ፕላስ የተባለውን ላይብረሪ የሚጠቀሙ ከሆነ ቼክሰማቸው ያልገጠመ መስመሮችን ብዛት ይቆጥርልዎታል፤ ይህን ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ ያሳዩት። እየጨመረ ከሄደ ፊደል እየፈሰሰ ነው።

በካርዱ ላይ የመጨረሻ አንድ ምክር፦ ፋይሉ ሳይዘጋ ባትሪ ቢያልቅ የተጻፈው ሊጠፋ ይችላል። በየሰከንዱ ማስቀመጥ ኃይል ያባክናል፤ በየ10 ወይም 20 ሰከንዱ ፍላሽ የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ተመጣጣኝ ነው።

ቆሞ ሳለ ርቀት መጨመሩ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የአሠራሩ ተፈጥሮ ነው። የፋብሪካው መግለጫ 2.5 ሜትር ትክክለኛነት ሲል ከሚለካቸው ነጥቦች እኩሌታው ከእውነተኛው ቦታ በ2.5 ሜትር ክብ ውስጥ ይወድቃሉ ማለቱ ነው፤ ሌላው እኩሌታ ከክቡ ውጭ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ የሚጨምረው ስህተት ያደርገዋል፤ ያ አሠራር እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2000 መጀመሪያ አንሥቶ ቀርቷል። አሁን የሚያንቀጠቅጠው ምልክቱ በከፍተኛው የአየር ክፍል ሲያልፍ የሚገጥመው መዘግየትና ከግድግዳ እየነጠረ የሚመጣው ቅጂ ነው። ነጥቡ በየሰከንዱ 30 ሳንቲሜትር ብቻ ቢንቀሳቀስ በአንድ ሰዓት 1,080 ሜትር ይደመራል፤ ርቀት አሉታዊ ስለማይሆን ወደ ኋላ የሄደው ወደ ፊት የሄደውን አያጣፋውም። የመጨረሻዎቹን አሥር ነጥቦች አማካይ መውሰድ ብዙዎች የሚሞክሩት መፍትሔ ነው፤ ስህተቱ በደቂቃዎች ውስጥ በዝግታ የሚንሸራተት ስለሆነ ግን አማካዩም አብሮ ይንሸራተታል።

ለብስክሌት የምመክርዎ ሞጁሉ ራሱ የሚሰጠውን ፍጥነት መጠቀም ነው። ይህ ፍጥነት በዋናነት የሚገኘው ነጥቦችን በማቀናነስ ሳይሆን ዶፕለር ከሚባለው የሞገድ ድግግሞሽ ለውጥ ስለሆነ ከቦታው ይልቅ በጣም የረጋ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከግማሽ ሜትር በታች ሲሆን ቆሟል ብለው ይቁጠሩ፣ ርቀትም አይደምሩ፤ ከዚያ ሲያልፍ ብቻ ይደምሩ። በእግር ለሚሄድ ሰው ይህ ገደብ ዝግታ ሲበዛ እውነተኛ እርምጃን ሊበላ ይችላል፤ እዚያ ላይ ከመጨረሻው የተመዘገበ ነጥብ 10 ሜትር እስኪርቅ አዲስ ነጥብ አለመቀበል ይሻላል። በሁለቱም ሁኔታ ኤችዶፕ የሚባለውን፣ የሳተላይቶቹን አቀማመጥ ጥራት የሚገልጸውን ቁጥር ያንብቡ፤ ከ3 በላይ ሲሆን ነጥቡን ይመዝግቡት፣ በርቀት ስሌት ግን አያስገቡት።

ሰዓትና ቀን ስለሚመዘግቡም አጭር ማሳሰቢያ ልስጥ። ሞጁሉ ከሳተላይት ቀኑን እስኪያረጋግጥ የ1980 ቀን ሊያሳይ ይችላል፤ የጂፒኤስ ዘመን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ነውና። በዚህ ቀን ስም ፋይል እንዳይከፍቱ ኤ የምትለዋን ፊደል ይጠብቁ። የሳምንቱ ቆጣሪ በ10 ቢት የተሠራ ስለሆነ በ1,024 ሳምንት አንዴ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ነበር። ያረጀ ሶፍትዌር ያለው ሞጁል ቦታውን በትክክል እያሳየ ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ሊያዘገየው ይችላል።

ባትሪው የሚያልቅበት ምክንያት በሂሳብ ይታያል። የኡኖ ቦርድ ብቻውን 45 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳል፤ ሞጁሉም ያንኑ ያህል፤ ስክሪኑና ካርዱ ሲጨመሩ ድምሩ ወደ 120 ይጠጋል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ አቅሙ 500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቢበዛ አራት ሰዓት ይሰጣል። ከዚያም ላይ የኡኖው ሬጉሌተር ከ9 ወደ 5 ቮልት ሲያወርድ ከባትሪው ኃይል አራት ዘጠነኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ቮልቴጁ ወደ 7 ሲወርድ ካርዱ በሚጽፍባት ቅጽበት የሚስበው ኃይል ቦርዱን አጥፍቶ እንደገና ሊያስነሣው ይችላል፤ የጎደሉ መስመሮችዎ በጉዞው መጨረሻ አካባቢ የሚበዙ ከሆነ ይህንንም ይጠርጥሩ። በ3.3 ቮልትና በ8 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አነስተኛ ቦርድ፣ ለምሳሌ ፕሮ ሚኒ፣ ከአንድ 18650 ሊቲየም ባትሪ ጋር ዝቅተኛ ብክነት ባለው ሬጉሌተር በኩል ቢያገናኙ ፍጆታው ወደ 60 ሚሊአምፔር ይወርዳል፤ 2,600 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ባትሪም 40 ሰዓት ያህል ያስኬደዋል። ቮልቴጁ ከሞጁሉ ጋር እኩል ስለሚሆን ቀደም ሲል ያልኳቸው ሬዚስተሮችም አያስፈልጉም። ሊቲየም ባትሪን ከመከላከያ ሰርኪዩት ውጭ አይጠቀሙ፤ ሁለቱ ጫፎቹ በቀጥታ ቢነካኩ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፣ አምራቹ ከፈቀደው ቮልቴጅ በታች ማድረቅም ባትሪውን ይጎዳዋል።

በየሰከንዱ ለሚመዘግብ መሣሪያ ሞጁሉን እያጠፉ ማብራት አይጠቅምም። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ነጥብ ለሚልክ መሣሪያ ግን ይጠቅማል፤ ያን ጊዜ ዋናውን ኃይል ቆርጠው የመጠባበቂያውን መስመር ሳያቋርጡ ይተዉት፤ የኡኖውንም መላኪያ ፒን ወደ ታች ያውርዱት፣ አለበለዚያ የጠፋው ሞጁል በዚያ ሽቦ በኩል በግማሽ ነፍስ መብላቱን ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላ፣ የጂኤስቪ ቁጥሮችዎ ደጅ ላይ ጥሩ ሆነው፣ ጉዞዎ ግን በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ወይም ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ከሆነ አዲስ ሞጁል መግዛት ትርጉም ይኖረዋል። ኒዮ-6ኤም የሚያዳምጠው ጂፒኤስን ብቻ ነው፤ ኒዮ-ኤም8ኤን ደግሞ ግሎናስ፣ ጋሊሊዮና ቤይዱ የተባሉትን ሌሎች የሳተላይት ሥርዓቶች ጭምር ይሰማል፤ በጠባብ ሰማይ ላይ ብዙ ሳተላይት ማግኘት ልዩነት ያመጣል። በሁለት ድግግሞሽ የሚቀበሉት አዳዲስ ሞጁሎች ከግድግዳ የሚነጥረውን ምልክት በተሻለ ይለያሉ። የኒዮ ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡ አስመሳይ ቺፖች ስላሉ፣ ሞጁሉ እንደደረሰዎ የሶፍትዌር ሥሪቱን የሚጠይቀውን ትእዛዝ ይላኩለት፤ ለእንዲህ ያለው ትእዛዝ መልስ የማይሰጥ ሞጁል ያጠራጥራል።

አዲሱን ሲያያይዙ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ቢቀር ሞጁሉ ተበላሽቷል ብለው አይመልሱት። ከአንድ በላይ የሳተላይት ሥርዓት የሚጠቀም ሞጁል እንደ አርኤምሲ ያሉትን የቦታ መስመሮች ጂፒ ብሎ ሳይሆን ጂኤን ብሎ ይጀምራቸዋል፤ ጂፒአርኤምሲ የሚለውን ሙሉ ስም ብቻ የሚፈልግ ኮድ ወይም የቆየ ላይብረሪ አንዱንም አያውቀውም። ኮዱ ከአምስቱ ፊደላት የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ብቻ እንዲያይ አድርገው ከጻፉት ሁለቱንም ሞጁሎች ያለ ምንም ለውጥ ያነባል።